ቆሞ የሚያይ ሰው ዕዳ አለበትን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣውን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ ከአንድ ቀን ሽርሽር ይዘነው የተመለስነው ነው። ሽርሽር ሄዶ ጥያቄ ይዞ መመለስ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። እኛም ስንነሣ ያሰብነው ንጹሕ አየር ተንፍሰን፥ ምሳችንን በልተን፥ ዘምረን ለመመለስ ብቻ ነበር።

ጉዞው የተደረገው በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ነው። 11 ሆነን ገንዘብ አዋጣንና አንዲት ሚኒባስ ከነሾፌሯ ተከራየን። አሳባችን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሱሉልታ በኩል አልፈን እስከ ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ደርሰን ለመመለስ ነበር፤ መሄጃው ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሾፌሩ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው ስለ ነበሩ "ጋሼ" እያልን እንጠራቸው ነበር። የተወለዱት በዚያው መንገድ ላይ፥ በጫንቾ አካባቢ መሆኑን ገና ከከተማ ሳንወጣ ነገሩን።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ የሚወጣው የእንጦጦ ዳገት በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲሲቱ ከተማ ማገዶ ባጣች ጊዜ ከአውስትራልያ የመጣው ይህ ዛፍ በዚያ ጠዋት ለእኛ ጥላና መልካም ሽታ ነበረ። በዚያው ዳገት ግን ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ የጭራሮና የቅጠል ሸክም በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዱ ነበር። የእንዲህ ያለው ሸክም ክብደት 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል። መኪናችን ስትደርስባቸው ወደ ቦዩ ጠጋ ብለው አሳለፉን። ስለ እነርሱ አንዳችም አልተናገርንም፤ እየዘመርን ነበር።

ዳገቱ ሲያልቅ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ። ክረምቱን ውኃ ተኝቶበት የሚከርመው ይህ ሜዳ በጥቅምት ሣሩ ይደርሳል። ገበሬው ያጭደዋል፥ በፀሐይ ያደርቀዋል፥ ይከምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ድርቆሹ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ይሄዳል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚታለቡ ላሞች ከሚበሉት ድርቆሽ ብዙው ከዚህ ሜዳና ከመሰሎቹ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ሻያችን ውስጥ የጨመርነው ወተት ምናልባት ከዚያው ሣር የተገኘ ይሆናል። እኛ ግን ያየነው ቀለሙን ነው። አደይ አበባው ገና አልረገፈም ነበርና በየድንበሩ ቢጫ መሥመር ሠርቶ ቆሟል፤ ከበስተ ኋላው አረንጓዴ፥ ከዚያም ሰማያዊ ተራራ። "እንዴት ያምራል!" እያልን አለፍነው።

በጫንቾ፥ በሙከ ጡሪና በደብረ ጽጌ አልፈን ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ስለ ነበረው ደስታ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ያየ ያውቀዋል። ሜዳው ሳይታሰብ ያልቅና ምድር ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። በአፋፉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው በጣታቸው ሣር እየነጩ ይበሉ ነበር። ጭላዳ በዓለም ላይ በእኛ አገር ደጋ ብቻ የሚኖር፥ ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ እንስሳ ነው። የድንጋዩንም ድልድይ ተሻገርን፤ ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። ምሳ ከበላን በኋላ ከመካከላችን አንዱ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ በመቶ የሚቆጠሩ የገዳሙ መነኮሳት የተገደሉት በዚሁ አካባቢ መሆኑን አስታወሰን። ሁላችንም ዝም አልን። ሸለቆው ግን እንደ ቀድሞው ያማረ ነበር፤ መልኩ ምንም አልነገረንም። አንድ አገር በውስጡ የሆነውን ሳይናገር እንዲህ ማማሩ ያን ጊዜ በጥቂቱ አስፈራን። ይሁን እንጂ ብዙ አላሰብንበትም።

ስንመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ሱሉልታ ከተማ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን ከእንጦጦ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። በስተ ምዕራብ ፀሐይዋ ገና አልተሸፈነችምና ብርሃኗ ከደመናው ሥር አልፎ ሜዳው ላይ ወርቅ መስሎ ወረደ። "ጋሼ፥ ያቁሙልን!" ብለን ሁላችንም ጮኽን። ቆሙልን።

ከመንገዱ 50 ርምጃ በማይሞላ ርቀት አንድ ሽማግሌ፥ አንዲት ሴትና ሁለት ልጆች የታጨደ ሣር ይሰበስቡ ነበር። ትንሿ ልጅ በሻሿ ላይ አደይ አበባ ሰክታለች። (ይህን ልብ በሉልን፤ የአገሩን ውበት የምናየው ለማየት ጊዜ ያለን እኛ ብቻ መስሎን ነበርና።) ከእኛ አንዱ በመስኮት ፎቶግራፍ አነሣ። ሌሎቻችን እጃችንን አወዛወዝን። ማንም አልመለሰልንም፤ እጃቸው ሥራ ይዞ ነበር። ለምን እንደሚሮጡ እንኳ ወዲያው አልገባንም። እኛ ደስ ብሎን የቆምንለት ደመና እነርሱን የሚያስሮጣቸው ደመና መሆኑን ያወቅነው የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ ነው። ያን ጊዜም ያደረግነው መስኮቱን መዝጋት ነበር።

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። ዝናሙን ሊያሳልፉ መስሎን ነበር። ኮታቸውን አውልቀው በመቀመጫው ላይ አስቀመጡና ቦዩን ተሻግረው ሄዱ። በኦሮምኛ ሰላምታ ሲሰጧቸው ሰማን። ከእኛ መካከል "አካም ጅርቱ" የሚለውን እንኳ አጥርቶ የሚናገር ከአንድ ሰው በቀር አልነበረም፤ ከተማችን ግን ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል እንኳ አትርቅም። አንዲት እኅታችን ጫማዋን አውልቃ ተከተለቻቸው። 10 ሆነን በመኪናው ውስጥ ቀረን፤ 20 እጅ ማለት ነው።

ለምን እንዳልወረድን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ የተገኘው መልስ ሁሉ ትንሽ ነበር። አንዱ ልብሱ ነጭ ነበረ። አንዷ ሌሎቹ ሲወርዱ እወርዳለሁ ብላ ጠብቃለች። አንዱ ድርቆሽ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም፥ አበላሽባቸዋለሁ ብሎ ፈርቷል። ክፉ አሳብ ያሰበ ማንም አልነበረም። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ዝናሙ በረታና ጋሼና እኅታችን በስብሰው ተመለሱ፤ ከፊሉ ተከምሮ ላስቲክ ተጣለበት፥ ከፊሉ ሜዳው ላይ እንደ ተበተነ ነበር። ጋሼ አልተቆጡንም። መሪውን ይዘው "ሣር ከታጨደ በኋላ ዝናም ካገኘው ይሻግታል፤ ከብት አይበላውም፥ ገዥም አይገዛውም" አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ የዘመረ የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እነዚያ ሰዎች ከእኛ ምንም አልለመኑም፤ ዝናሙን እኛ አላመጣንም፤ አንተዋወቅም። ዕዳ ነበረብን ወይ?

ከመካከላችን አንድ ወንድማችን አጥብቆ የተከራከረው ዕዳ የለብንም በማለት ነው። ዕረፍትም መልካም ነገር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሠራና የተማረ ሰው አንድ ቀን ተራራ ቢያይ አያስነቅፈውም። በየመንገዱ የሚደክመውን ሁሉ ልርዳ የሚል መንገደኛ ከእንጦጦ ዳገት አያልፍም ነበር፤ ማየት ዕዳ የሚያስከትል ከሆነም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መሄድን ይመርጣል፥ ይህም የባሰ ነው አለን። ክርክሩን ቀላል አድርገን አላየነውም፤ እስካሁንም ሙሉ መልስ የለንለትም። ደግሞም ወርደን ቢሆን ኖሮ 10 ደቂቃ ሣር ተሸክመን 10 ዓመት ስናወራው እንኖር ነበር ብሎ የተናገረን አለ። ይህኛው አሳፈረን፤ ምክንያቱም እውነት ነው።

ሆኖም አንድ ነገር የተለየ ይመስለናል። በእንጦጦ ዳገት ላይ እናቶቹን ያለፍናቸው እየሄድን ነው፤ መልካም ነው አንልም፥ ነገር ግን መንገደኛ ነበርን። ከሣሩ ሜዳ አጠገብ ግን ማንም ሳያስገድደን ቆምን። የቆምነውም እነርሱ ከነሥራቸው ለዓይናችን ስላማሩን ነው። ደስታን ለመውሰድ ጊዜ የነበረው ሰው፥ በዚያችው ደቂቃ ለሌላው ነገር ጊዜ አልነበረኝም ሊል እንዴት ይችላል? የሚያልፍ ሰው አላየሁም ቢል ሊታመን ይችላል፤ አቁሙልኝ ብሎ ቆሞ ያየ ሰው ግን ይህን የሚልበት አፍ የለውም። ዕዳው የሚጀምረው ከማየት ሳይሆን ከመቆም ነው ስንል ወንድማችን "እንግዲያውስ አትቁሙ" ብሎ መለሰልን። እኛ ደግሞ መቆሙን አንተወውም፤ ሜዳው እውነትም ያማረ ነበርና።

ፎቶግራፉ በትልቁ ታትሞ በወጣቶች መሰብሰቢያችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የሚያየው ሁሉ ያደንቀዋል። አንድ እንግዳ "እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?" ብሎ ሲጠይቅ የምንለው አጣን። ስማቸውን ሳናውቅ ፊታቸውን አንድ ዓመት ሙሉ ስናይ ኖረናል። ስለዚህ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ሦስታችን ፎቶግራፉን ይዘን በታክሲ ወደዚያው ሄድን፤ ቢገኙ አንድ ቅጂ ልንሰጣቸው ነበር። ሜዳውን በተራራው መልክ ለየነው፤ ከመንገዱ ጋር የሚዋሰነው ወገን ግን በቆርቆሮ ታጥሮ ግንባታ ተጀምሮበታል። በበሩ ላይ የነበሩትን ዘበኛ ሰላም ብለን ስለ ሰዎቹ ጠየቅናቸው፤ የምንጠይቅበት ስም ስለሌለን ፎቶግራፉን ሰጠናቸው።

አባት ሰዎቹን አላወቋቸውም። ነገር ግን ብዙ ቆይተው አዩትና ደመናውን በጣታቸው እያመለከቱ "ሣሩ ዳነ ወይ?" አሉን።

ያንንም አናውቅም ነበር።

አሁን ፎቶግራፉ ከግድግዳው ወርዶ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ይሰቀል የሚሉና ይቅር የሚሉ ወጣቶች እስካሁን አልተስማሙም። በዚህ ጉዳይ ላይ አሳብ ያላችሁ ጻፉልን።