ሐይቅ በሚለው ቃል ሥር

ታሪክን በነገሥታት ተራ መጻፍ የቆየ ልማዳችን ነው። በዚህ ልማድ አገር መተላለፊያ ይሆናል፤ ንጉሡ ሲሰፍርበት ስሙ ይነሳል፣ ድንኳኑ ሲነቀል ይረሳል። ውጫሌን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የሚያውቀው ግን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውልና የአንቀጽ 17ን ጣጣ ነው። የአምባሰልን ቅኝት ከሚያንጎራጉረውም ስንቱ ተራራውን ያውቀዋል? የአንድን አካባቢ ታሪክ በቦታ ስም የሚያደራጅ የማጣቀሻ መጽሐፍ ትልቁ ዋጋው መረጃን ማቅረቡ ብቻ አይመስለኝም። በዘመን፣ በቋንቋና በሃይማኖት ተራርቀው የኖሩ ምስክሮችን በአንድ ስም ሥር አቁሞ እርስ በርስ ያመሳክራቸዋል።

ወሎ ያለችውን ሐይቅን እንውሰድ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገዳም ባደረጉት በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ እሳቸው ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ። ከቅዱሱ ቃል ሌላ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር ሰፍሮበታል። መዝገብ ቤት ባልነበረበት ዘመን ወንጌሉ መዝገብ ሆነ፤ በወንጌል ላይ የተጻፈን ነገር ለመፋቅ የሚደፍር ብዙ አልነበረምና። ከጻድቁ ዕረፍት ብዙ ዘግይቶ የተጻፈው ገድል ደግሞ ይኩኖ አምላክን ለዙፋን ያበቁት ኢየሱስ ሞዓ እንደሆኑ ይተርካል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ይህንኑ ክብር ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው እርግጠኛ ሆኖ ይነሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ግን ሁለቱ ገዳማት ይህን ክብር አጥብቀው የፈለጉበትን ምክንያት መጠየቅ ይጀምራል፤ ታሪክ ማወቅ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ስም ሥር ሌላ ምስክር ይቆማል። የኢማም አሕመድን ዘመቻ በዐረብኛ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ሐይቅን ሲያነሳ የሚገልጸው ቤተ ክርስቲያን በውሃ የተከበበ፣ በደሴት ላይ ያለ ነው። ዛሬ ግን ገዳሙ በእግር ይደረስበታል። ይህን ብቻ ያየ አንባቢ ጸሐፊውን ውሸታም ይለው ይሆናል፤ የሸሸው ግን ውሃው ነው። የግዕዙ ገድል፣ የዐረብኛው ዜና መዋዕልና የሐይቁ ዳርቻ አንድ ገጽ ላይ ካልተገናኙ ይህ አይገለጥም።

የአካባቢን ታሪክ ለማወቅ ሽማግሌዎች ይበቃሉ የሚል አለ። ጃንጥራር የሚባሉትን የአምባሰል ገዥዎች የዘር ሐረግ፣ የእቴጌ መነንን አባት የጃንጥራር አስፋውን ወገን ቆጥሮ የሚያወርድ ሽማግሌ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን ቃሉ ካልተጻፈ ከሌላው ቃል ጋር ሊመሳከር አይችልም፣ ሽማግሌው ካለፈ በኋላም የሚጠይቀው የለም።

ሌላው ስጋት ይከብዳል። የአካባቢ ታሪክ የጎጠኝነት ማገዶ ይሆናል ይባላል፤ በዘመናችን የቦታ ስም ለስንት ጠብ እንደዋለ ላየ ሰው ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ርዕስ መምረጥ ራሱ ፍርድ ነው። ሐይቅ ከተማ ዛሬ የተሁለደሬ ወረዳ ናት፤ የድሮ ታሪኳን አምባሰል በሚል ርዕስ ወይስ በራሷ ስም እንጽፈው? ጠብ የሚያነሳው ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን የቆመ ቃል ነው። ግሸን ያለችው አምባሰል ውስጥ ነው፤ የነገሥታት ልጆች የታሰሩባት አምባም፣ የግማደ መስቀሉ ደብርም ናት። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የሐይቅን ታሪክ በገዳሙ ብቻ የሚተርክ መጽሐፍ ጎረቤቱን አስወጥቶ በር የዘጋ ነው። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ ወሎ እስልምና፣ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ያሳተሟቸው ጥናቶች በአንድ ርዕስ ሥር ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይሞላዋል እንጂ አያፈርሰውም። የትኛው ቃል ከየት እንደመጣ፣ የት እንደሚለያይ በግልጽ የሚጽፍ መጽሐፍ ለጎጠኛ አይመቸውም።

ሁለቱም ጥናቶች ግን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ የሐይቅ ተማሪ የቤቱን ታሪክ በሰው ቋንቋ ይፈልጋል። ደሴ የሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለሐይቅ ሩቅ አይደለም። የገዳሙን አባቶች፣ የመስጊዱን ዑለማዎችና የአምባሰልን ሽማግሌዎች አስቀምጦ ይህን መጽሐፍ በአማርኛ ይጀምርልን፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ።