ጥቅም ባትሰጥስ?

ልጅህ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እንስሳ ሲያረባ አይተህ ይሆናል። የካናዳው ክሌይ ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ» በተባለ ጨዋታ ውስጥ ሀች የምትባል እንስሳ አለች። ድንጋይ በልታ ከሰል ትሰጣለች። ለአንዷ 12 ካሬ ቦታ ያስፈልጋታል፤ ቢጠባት ትከፋለች፣ እንቁላሏም ይቀንሳል። የሚንከባከባት ካገኘች ትደሰታለች፣ እንቁላሏም ይበዛል።

ይህ መልካም ትምህርት ነው። ነገር ግን ልብ በል! እንክብካቤው ለትርፍ ነው። ግልገሎቹ ከልክ ሲያልፉ አንዳንድ ተጫዋቾች ውሃ ውስጥ አስጥመው ሥጋቸውን ይወስዳሉ፤ ጨዋታውም አይወቅሳቸውም። እርግጥ ነው፣ ሥዕል ሕመም አይሰማውም። የልጁ ልብ ግን ሥዕል አይደለም፤ የደጋገመውን ይለምዳል።

ታዲያ እንከልክለው? እኔ እንዲያ አልልም። አጠገቡ ተቀመጥና «ከሰል መስጠት ብታቆም ትመግባት ነበርን?» ብለህ ጠይቀው። ቀጥለህም ወተቷ የነጠፈ ላም፣ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ምን ሐቅ እንዳላት ንገረው። ብትታረድ እንኳ በወጉ፣ ሳትሰቃይ ነው፤ እስከዚያው መኖዋና ውሃዋ በባለቤቷ ላይ ነው። በእጃችን ያለች እንስሳ አማና ናትና፤ ስለ አማናም አላህ ይጠይቀናል።