የጉንዳን ንግሥት ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፣ ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ሰነፉን ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር ይልከዋል። እኛ ወጣቶች ይህ ክፍል የሚነበብልን ስለ ሥራ ስንመከር ነው። ዛሬ ግን ገና አንድም ሠራተኛ ሳይኖራት ብቻዋን ስለምትቀመጠው ንግሥት እንነጋገር። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ጉንዳን የሚያሳድጉ ሰዎች አስቀድመው የሚማሩት የእርሷን ጠባይ ነውና።

በብዙ የጉንዳን ወገኖች ዘንድ ንግሥቲቱ ክንፍ አውጥታ ከእናቷ ጎጆ ትበራለች። ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ ወደ ምድር ወርዳ ክንፎቿን ራሷ ነቅላ ትጥላለች፤ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍራም በላይዋ ትደፍናለች። ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ ለሥራ እስኪደርሱ ድረስ ለሳምንታት እህል አትቀምስም። ለመብረር ያገለግሏት የነበሩት ጡንቻዎችና በሰውነቷ ያለው ስብ ይሟሟሉ፤ እጮቿን የምትመግበው ከዚያ ነው። የበረረችበትን ኃይል ልጆቿ ይበሉታል ማለት ነው። በዚህ ጾም ያደጉት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ደቃቆች ናቸው፤ አይፈረድባቸውም።

እኛስ? ስንት ቀን ጾምን፣ እስከ ስንት ሰዓት ቆየን እያልን እንቆጥራለን። ያልበላነው ምሳ ለማን ደረሰ የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አያያዟ ከባድ አይደለም። በቱቦው አንድ ጫፍ ውሃ፣ ውሃውን የሚያግድ ጥጥ፣ በሌላው ጫፍ አየር የሚያስገባ ጥጥ፣ ከዚያም ጨለማ። የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። በየሰዓቱ እየገለጡ ቢያዩአትና ቢያነቃንቋት ትደነግጣለች፤ የደነገጠች ንግሥት የጣለችውን እንቁላል መልሳ ልትበላ ትችላለች። ሠራተኞቹ ሲወጡ አንዲት ጠብታ የስኳር ውሃና የትንኝ ቁራጭ ይበቃቸዋል፤ የተረፈውን ሳይሻግት ማንሣት ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ላበክ በሥራው የባንክ ሰውና የምክር ቤት አባል ነበር። ጉንዳኖቹን በሁለት መስታወቶች መካከል በአፈር ውስጥ አኑሮ፣ ብርሃን እንዳያውካቸው እየሸፈነ ይጠብቅ ነበር። በ1874 እ.ኤ.አ. የያዛት አንዲት ንግሥት እስከ 1888 እ.ኤ.አ. ኖራለች። ያ ሁሉ ጉዳይ ያለበት ሰው ለአንዲት ጉንዳን ከ13 ዓመት በላይ ታገሠ! እኛ የአንድ ወር የአገልግሎት ተራ ይሰለቸናል።

አዲስ ልጅ ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ፣ በሁለተኛው እሑድ መድረክ ላይ ይውጣ፣ መዝሙር ይምራ የሚሉ አሉ። በቅንነት ነው የሚሉት፤ እኛ ግን አንስማማም። ልጁ ከሰው ጋር እስኪላመድ፣ ቃሉ በልቡ እስኪያድር፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዝም ይበል።

ነገር ግን ዝም ብሎ መተው መርሳት አይደለም። በቱቦው ያለው ውሃ ካለቀ ንግሥቲቱ በሽፋኑ ሥር ትሞታለች፤ ከላይ ለሚያይ ሁሉ ነገር እንደ ነበረ ነው። ከስም መጥሪያው መዝገብ ሦስት እሑድ የቀሩትን እናውጣ። ሁለት ሁለት ሆነን ወደ ቤታቸው እንሂድ። ለምን ቀረህ፣ ለምን ቀረሽ አንበላቸው፤ እናትና አባታቸውን ሰላም ብለን፣ ደኅንነታቸውን ጠይቀን እንመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።