ለጨዋታ ስናቅድ ማንን እንቈጥራለን?

ስለ ሥራ ሥነ ምግባር ብዙ ይባላል። ታማኝነት፣ ትጋት፣ ሰዓት ማክበር፣ የሰው ገንዘብ አለመንካት፣ እነዚህ ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማቸው ምክሮች ናቸው። ስለ ጨዋታ ሥነ ምግባር ግን እምብዛም አይነሣም። ሰው በዕረፍት ሰዓቱ ጠያቂ የለበትም ብለን ስለምናስብ ይመስላል። ዳሩ ግን ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ተቃራኒውን እናገኛለን። በሥራ ላይ አለቃ አለ፤ ደንብ አለ፤ ከማን ጋር እንደምንውልም የምንመርጠው እኛ አይደለንም። ለጨዋታ ስናቅድ ግን ማንን እንደምንጠራ፣ ማንን እንደምንረሳ፣ ስንት እንደምናወጣና መቼ እንደምንሄድ የምንወስነው በገዛ ፈቃዳችን ነው። እንግዲህ ሰው በፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ጠባዩን የሚገልጥ ከሆነ፣ የአንድ ቀን ሽርሽር ዕቅድ ከብዙ ንግግር ይልቅ ማንነታችንን ይናገራል ማለት ነው።

ይህን አሳብ በደፈናው ከመተንተን አንድ እውነተኛ ነገር ይዘን ብንመረምረው ይሻላል። ከሎስ አንጀለስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በአናሃይም ከተማ የሚገኘው ዲዝኒላንድ የተባለው የመዝናኛ ሥፍራ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2020) ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው ከ412 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 2021) ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዕድሜው ሳይታሰብ የተዘጋባቸው ቀኖች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ጊዜ የታወጀው የኀዘን ቀን ነው። ስለዚህ የመከፈቱ ወሬ በተሰማ ጊዜ በአካባቢው የምንኖር ወጣቶች «መቼ እንሂድ?» መባባል መጀመራችን የሚያስገርም አልነበረም። ነገር ግን «መቼ እንሂድ?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። እርሱም «እኛ ስንል እነማንን ነው?» የሚለው ነው።

የሥፍራው አጀማመር ራሱ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። መሥራቹ ዎልት ዲዝኒ እንደተናገረው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ለጨዋታ ይወስዳቸው ነበር። እነርሱ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ ይመለከታቸዋል። በዚያን ጊዜ ነው ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ሥፍራ ለምን አይኖርም የሚል አሳብ የመጣለት። ዲዝኒላንድ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955) ሲከፈት መነሻው ይህ ነበር፤ ይኸውም አንዱ ሲጫወት ሌላው አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳይቀር ነው። እኛም ዕቅዳችንን በዚሁ ሚዛን ብንመዝነው ተገቢ ነው። በዕቅዳችን ውስጥ አግዳሚው ወንበር ላይ የሚቀረው ማን ነው?

በ2013 ዓ.ም. ሥፍራው ሲከፈት እንደ ቀድሞው አልነበረም። በካሊፎርንያ መንግሥት ደንብ መሠረት በመጀመሪያው ጊዜ መግባት የሚችለው ሥፍራው ከሚይዘው ሕዝብ ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። የሌላ ክፍለ ግዛት ነዋሪ አይገባም ነበር። አንድ ቡድን ከሦስት ቤት በላይ ከሆኑ ሰዎች ሊውጣጣ አይችልም ነበር። ትኬት መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ቀኑንም አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ነበር። አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልግ ነበር፤ የሰልፍ ትርኢትና የማታ ርችት አልነበረም፤ ሕፃናትም የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት ከሩቅ ሰላም ከማለት በቀር ሊያቅፏቸው አይችሉም ነበር። እነዚህ ደንቦች የወጡት ለሰው ሕይወት ሲባል ነውና አንቃወማቸውም። ሆኖም ብዙ ቤት ሆነን አንድ ማኅበር የነበርነውን ወጣቶች፣ «እኛ» የሚለውን ቃል በቍጥር እንድንለካው አስገደዱን።

በቅድሚያ የተነሣው ጥያቄ ግን ከዚህም የሚቀድም ነበር። ብዙ ሰው ባዘነበት ዘመን መጫወት ተገቢ ነውን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኩባንያው በመስከረም 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ካሉት ሠራተኞቹ 28,000 ያህሉን እንደሚያሰናብት አስታውቆ ነበር። በጥር ወር ደግሞ ከሥፍራው የመኪና ማቆሚያዎች አንዱ ሕዝብ ክትባት የሚወስድበት ጣቢያ ሆኖ ነበር። በመካከላችንም በወረርሽኙ ወላጁን ያጣ ወንድም ነበረ። «በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ባቡርና ስለ ፈረስ መነጋገር የልብ ድንዳኔ ነው» የሚሉ ነበሩ።

እኛ ግን እንዲህ ብለን አሰብን። ኀዘንተኛን የሚጐዳው የሌላው ሰው መሳቅ ብቻውን አይደለም፤ እርሱን ረስቶ መሳቁ ነው። በአገራችን ልማድ ለቅሶ የሚደርሰው ሕዝብ ለቀስተኛውን ሲያስለቅሰው ብቻ አይውልም፤ ያጫውተዋል፣ እንዲበላ ይለምነዋል፣ ከቤቱም ያወጣዋል። ስለዚህ ጥያቄው «እንጫወት ወይስ አንጫወት?» ሳይሆን «ያዘነውን ሳንረሳ እንዴት እንጫወት?» የሚል መሆን ይገባዋል። መልሱም ቀላል ነው። ያንን ወንድም አስቀድሞ ማማከር፣ እሺ ካለ አብሮ መውሰድ፣ «ገና ነኝ» ካለ ደግሞ ሳያስጨንቁት መታገሥ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይሂድ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መመልከት ያስፈልጋል። እነርሱም ገንዘብ፣ ቀንና አካል ናቸው።

ገንዘብን ብንወስድ ዝቅተኛው የአንድ ቀን የአዋቂ መግቢያ 104 ዶላር ነበር። በዚያ ዓመት በካሊፎርንያ ትልልቅ ድርጅቶች እንዲከፍሉ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 14 ዶላር ነው። ይህም ማለት በዚህ ደመወዝ የሚሠራ ተማሪ በር ላይ ለመድረስ ብቻ ከሰባት ሰዓት በላይ መሥራት አለበት ማለት ነው፤ ግብሩ፣ ምሳውና መጓጓዣው ገና አልተቈጠረም። ለአንዱ የኪስ ገንዘብ የሆነው ለሌላው የአንድ ቀን ላቡ ነው።

ቀንን ብንወስድ የመክፈቻው ዕለት በእኛ አቈጣጠር ስቅለት ነበር፤ የ2013 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን ነውና። ስለዚህ ያ ቀን ለእኛ ለክርክር እንኳ የሚቀርብ አልነበረም። ነገር ግን ከበዓሉ በኋላም ቢሆን ቅዳሜ ለተማሪው ሲመች በመደብርና በሆስፒታል ለሚሠራው አይመችም፤ ማክሰኞ ለሠራተኛው ሲመች ተማሪው ፈተና አለበት።

አካልን ብንወስድ ደግሞ ስፔስ ማውንቴን በተባለው ፈጣን ባቡር ላይ ለመሳፈር የልጁ ቁመት ቢያንስ 102 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ታናሽ ወንድሟን ይዛ የምትመጣ እኅት ልጁን ለማን ትታ ትሳፈር? በሥፍራው ትልልቆቹ እንደገና ሳይሰለፉ ልጁን ተራ በተራ የሚጠብቁበት አሠራር አለ፤ ግን ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ቡድን እርስዋን ከልጁ ጋር ትቷት ይሮጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የችግሩ ባለቤት የማይናገር መሆኑ ነው። እኛ ይሉኝታ የሚያስረን ሕዝብ ነን። ገንዘብ የሌለው «ገንዘብ የለኝም» አይልም፤ «ሥራ አለብኝ» ይላል። የደከማት እናት «ደከመኝ» አትልም፤ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ ጥላው ሥር እጠብቃችኋለሁ» ትላለች። ስለዚህ «ማንም አልተቃወመም» ብሎ ዕቅድን ማጽደቅ ፍትሕ አይደለም። መልካም ዕቅድ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ያልተነገረውንም የሚሰማ ነው።

በመካከላችን የተነሡት አሳቦች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው «ቀድሞ የደረሰ ይሂድ» የሚል ነበር። ላይ ላዩን ሲያዩት ማንንም የማይገፋ ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? የተዘጋጀ ገንዘብ ያለውና በኢንተርኔት ሰልፍ ለሰዓታት ተቀምጦ ለመጠበቅ ጊዜ ያለው ነው። እንዲህ ያለው ተራ የሚሸልመው ትጋትን ሳይሆን ምቾትን ነው። ሁለተኛው «ዕጣ እናውጣ» የሚል ነበር። ዕጣ አድልዎ የለበትም። ነገር ግን ዕጣ የወጣለት ድኻ 104 ዶላሩን ከየት ያመጣል? ዕጣ ዕድልን ያስተካክላል እንጂ አቅምን አያስተካክልም። ሦስተኛው «ሁላችን ካልሄድን ማንም አይሂድ» የሚል ነበር።

ይህ ሦስተኛው አሳብ ልብን ይማርካል፤ ሆኖም በጥንቃቄ መመርመር አለበት። የወንድሜ መቅረት ለእኔ አንዳች የማይጨምርልኝ ከሆነ፣ እንዲቀር ለምን እመኛለሁ? እኔ ያላገኘሁትን ሌላው እንዳያገኝ መፈለግ የፍትሕን ልብስ የለበሰ ምቀኝነት ነው። በእኩልነት ስም ሁሉን ባዶ እጅ ማስቀረት ማንንም አያጠግብም። እንግዲያውስ መቅረትና መጠበቅ የሚለያዩበት ነጥብ የት ላይ ነው? እኛ እንደሚመስለን፣ መጠበቁ ለቀረው ሰው በር የሚከፍት ከሆነ ፍቅር ነው፤ በሩን በሁሉም ላይ ከመዝጋት በቀር የሚያመጣው ነገር ከሌለ ግን ምቀኝነት ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረው ሁኔታ መጠበቅን የሚደግፍ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ገዥ አብዛኛው ገደብ ሰኔ 8 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2021) እንዲነሣ ማቀዳቸውን ከወራት በፊት አስታውቀው ነበር፤ እንዳሉትም ሆነ። ስለዚህ የሁለት ወር ትዕግሥት ሁለት ነገር ታስገኝ ነበር፤ የሦስት ቤት ወሰን ይቀራል፤ ገንዘብ ለማጠራቀምም ጊዜ ይገኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። እያንዳንዱ የሚችለውን በታሸገ ፖስታ አድርጎ ለገንዘብ ያዡ ቢሰጥ፣ ከዚያም የሁሉም መግቢያ ከአንድ ሣጥን ቢከፈል፣ ሰጪው አይኰራም፣ ተቀባዩም አያፍርም። በግንቦት ወር ለሥራ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የሚሄደው ወንድም ግን ከሁለት ቤት ጓደኞቹ ጋር ቀድሞ እንዲሄድ መፍቀድ ተገቢ ነው። እርሱን ማስቀረት ለማንም በር አይከፍትምና።

«ይህ ሁሉ ስብሰባ ለአንድ ቀን ጨዋታ ነው ወይ? ሽርሽር እንጂ ምክር ቤት አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ደስታ ሲበዛ መታቀዱ ጣዕሙን ያጠፋዋል የሚለው አሳብ ጥቂት እውነት አለው። የትኛው ባቡር ላይ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደምንሳፈር መጻፍ አያስፈልግም። ነገር ግን ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያልተወሰነ እንደሆነ፣ ውሳኔው በዕለቱ በር ላይ ይደረጋል። በር ላይ የሚደረግ ውሳኔ ደግሞ ዘወትር በደካማው ላይ ይወድቃል። ስለ ሰዎቹ አስቀድመን ስናስብ ስለ ጨዋታው በነፃነት መጫወት እንችላለን።

ሌላም ከዕቅዳችን መቅረት የሌለበት ሰው አለ። እርሱም በዚያ የሚሠራው ነው። የእኛ የዕረፍት ቀን የእርሱ የሥራ ቀን ነው። ለ412 ቀናት ተዘግቶ በቆየው ሥፍራ ትኬት የሚቈርጠው፣ ወለል የሚጠርገው፣ ወንበር የሚያጸዳው ሠራተኛ ከብዙ ወራት ጭንቀት በኋላ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ከእኛም ቤተሰቦች ብዙዎች እንግዳ በማስተናገድ ሥራ የሚኖሩ ናቸውና ይህን ልናውቀው ይገባናል። ሰልፉ በረዘመ ጊዜ በእርሱ ላይ አለመቈጣት፣ የበላንበትን ማንሣት፣ ደንቡን ሲነግረን ሳንከራከር መቀበል፣ እነዚህ ምንም ዶላር የማያስወጡ፣ ግን የዕቅዱ ክፍል መሆን ያለባቸው ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ስለ ዲዝኒላንድ ብቻ የተባለ አይደለም። ሠርግ ስናቅድ፣ የምረቃ ግብዣ ስናደርግ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ስንወጣ፣ ይኸው ጥያቄ ይከተለናል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ስለ እንጀራ ብቻ የተነገረ አይምሰለን፤ ስለ ሣቅም ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ «እንሂድ» ስንባባል ስም ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ከማንበባችን በፊት፣ በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። «ሥራ አለብኝ» ያለውንም አንድ ጊዜ ለብቻው ጠርተን እናነጋግረው።