ሰደቃና ሐቅ

ለአካል ጉዳተኛ ወገናችን የሚገባው ምንድን ነው? ሰደቃ ነው ወይስ ሐቅ? ብዙዎቻችን ሁለቱን አንድ አድርገን እናያቸዋለን። እኔ ግን ይለያያሉ ባይ ነኝ። ልዩነታቸውንም ከአገራችን አየር በራቀ ሥፍራ፣ በበረዶ ላይ ውድድር ውስጥ አገኘዋለሁ።

የአካል ጉዳተኞች የክረምት ፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊድን ነው። ከ2006 የቱሪን ጨዋታ ወዲህ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች ቆመው የሚንሸራተቱ፣ ተቀምጠው የሚንሸራተቱና ማየት የተሳናቸው ተብለው በሦስት ይመደባሉ። በአንድ ምድብ ውስጥም የጉዳቱ መጠን ስለሚለያይ እያንዳንዱ የፈጀበት ጊዜ በተወሰነ መቶኛ ይባዛል። ለምሳሌ 90 በመቶ የተመደበለት ሰው 10 ደቂቃ ቢፈጅበት 9 ደቂቃ ተብሎ ይያዝለታል።

«ታዲያ ይህ ሰደቃ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አይደለም! ሰደቃ የሚሰጠው ሰውየው ምን እንደሚችል ሳይጠየቅ ነው። እዚህ ግን መጀመሪያ ይመዘናል። ጥብቅነቱን ተመልከቱ። ጭራሽ እንደማያዩ ተቆጥረው የተመደቡት ሁሉ ብርሃን የማያስገባ መነጽር ማድረግ ግዴታቸው ነው። ጭላንጭል የሚታየው ቢኖር ከጓደኛው ብልጫ እንዳያገኝ ነው። ይህ የዳኛ ሥራ ነው።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር ተነሳ። ብራያን ማክኪቨር በ19 ዓመቱ በዓይን ሕመም ተይዞ የመሐል እይታውን ያጣ ካናዳዊ ነው። በፓራሊምፒክ ታላቅ ወንድሙ ሮቢን ከፊት ከፊቱ እየመራው ይወዳደር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጉዳት ከሌለባቸው ጋር በኦሎምፒክ እንዲሰለፍ ለአገሩ ቡድን ተመረጠ። የ50 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ሲደርስ አሠልጣኞቹ ሌሎች አራት ሰዎችን አሰለፉ። እርሱ ቀረ።

ብዙ ሰው አዘነለት። ለመሆኑ ተበድሏልን? የቀረው ዓይኑ ስለማያይ ቢሆን ኖሮ አዎን፣ ግልጽ በደል ነበር። የቀረው ሌሎቹ ለዚያ ቀን ይሻላሉ ተብሎ ከሆነ ግን የደረሰበት ነገር በማንኛውም ስፖርተኛ ላይ የሚደርስ ነው። አንጀት ያሳርራል፤ ቢሆንም ከእኩዮቹ እኩል ተቆጥሯል ማለት ነው። ለጭብጨባ ሲባል ቢሰለፍ ኖሮ የሌላውን ሰው ቦታ ይዞ ሰደቃ በተቀበለ ነበር። እርሱስ ይህን ይፈልግ ነበር ትላላችሁ? ብዙም ሳይቆይ በዚያው ከተማ በፓራሊምፒክ 3 ወርቅ አገኘ። እስከ 2022 የቤጂንግ ጨዋታ ድረስ የወርቁ ብዛት 16 ደረሰ።

ውድ አንባብያን! እኛስ? ዓይነ ስውሩን መንገድ ዳር ስናገኘው ሳንቲም ሰጥተን፣ ከንፈር መጥጠን እናልፋለን። መልካም ነው። ያው ሰው ዲግሪውን ይዞ ለሥራ ሲያመለክትስ? «አይችልም» ብለን ፈተናውን እንኳ ሳናስፈትነው እንመልሰዋለን። ፈተናው በሚያነበው ጽሑፍ ይቅረብለት፣ በቂ ጊዜ ይሰጠው። ከዚያ በኋላ ቢወድቅ እንደማንኛውም ሰው ይውደቅ፤ ቢያልፍ ደግሞ ወንበሩ የእርሱ ነው። ሳይፈተን ለመለስነው ሰው በመንገድ ላይ የምንሰጠው ሳንቲም የነፈግነውን ሐቅ አይተካለትም።