የማንን ከብት መለስክ?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም።  

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ፣ እዚሁ መራዊ፣ መስጂዱ በር ላይ አንድ ወጣት አስቆመኝ። በሰፈራቸው የተራቆተ ተራራ ነበር። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆኖ ከተከለለ ወዲህ እሱ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «አክስቴ ባሏ ሞቶባታል። ያሏት አራት ፍየሎች ብቻ ናቸው። በጋ ላይ ሣር ሲጠፋ አመሻሽ ላይ ወደ ተከለለው ቦታ ታስገባቸዋለች። ከያዝኳት ትቀጣለች። ዝም ካልኩ ደግሞ ደመወዜ ሐራም እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።»

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት፣ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለሳምንት ቀጠርኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መንገድ ላይ ትዝ ያለኝ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ያገኘሁት ሰው ነው። ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን፣ ደባርቅ ላይ ስንመዘገብ አንድ ስካውት ተመደበልን። ስካውቶቹ መሣሪያ ይዘው እንግዳ ያጅባሉ፣ ፓርኩንም እየዞሩ ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። የእኛው ሰው ጋቢውን ደርቦ በገደሉ አፋፍ ላይ ሜዳ እንደሚሄድ ሰው ይራመድ ነበር። አረፍ ስንል «ከሥራህ የሚከብደው ምንድን ነው? ብርዱ ነው?» አልኩት። «ብርዱስ ይለመዳል» አለኝ። «የጎረቤትን በሬ መመለስ ነው የማይለመደው። ማታ ተመልሼ የምገባው እዚያው ጎረቤቴ መሃል ነው።»

ያኔ ነገሩ ብዙም አልገባኝም ነበር። የመራዊው ልጅ ጥያቄ ግን ያው የእሱ ጥያቄ ነው።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዋልያ በዱር የሚኖረው በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ነው። እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፋ፣ ዋልያውም እየተመናመነ ሲሄድ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ይህ እንዲሁ በነፃ የመጣ አይደለም። ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎቿ አባቶቻቸው የኖሩበትን ቦታ ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ በእሳት ሲያያዝም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል፤ እነሱ እስኪደርሱ ግን ቅጠልና አፈር ይዘው ከእሳቱ ጋር የታገሉት የአካባቢው ሰዎችና ጠባቂዎቹ ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የተራበ ጎረቤትና የተከለለ ሣር መሃል የቆመ ሰው አማናው ለማን ነው?

ዲናችን ለዚህ እንግዳ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል። ለጋራ ጥቅም የሚከለል የግጦሽ መሬትም ነበር፤ ሒማ ይባላል። ሒማ ካለ ጠባቂ አለ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሁነይ የሚባል አገልጋያቸውን የሒማው ኃላፊ ሲያደርጉት የሰጡትን ትእዛዝ ኢማም ቡኻሪ ዘግበውታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ለሰዎች ክንፍህን ዝቅ አድርግ፤ የተበደለን ሰው ዱዓ ፍራ። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባው። የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን ጠንቀቅ በል፤ የእነሱ ከብት ቢያልቅ እንኳ ተምርና እርሻ አላቸው። ድሃው ግን ከብቱ ካለቀበት ልጆቹን ይዞ እደጄ ይመጣል።

ሱብሓነላህ! ሁለቱ ባለ መንጋዎች እነማን እንደሆኑ ልብ በሉ። በጀነት የተበሠሩ ታላላቅ ሶሐቦች ናቸው። ዑመር ክፉ ሰዎች ናቸው አላሉም። ጠባቂ ሲደክም ወዴት እንደሚያዘነብል ስላወቁ ነው። ትልቁን ሰው አይቶ እንዳላየ ማለፍ፣ ትንሹን መያዝ፣ ከዚያም «ሕግ አስከበርኩ» ማለት ቀላል ነው።

መስጂዱ በር ላይ ያንን ወጣት የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፦ «ወንድሜ፣ ከአክስትህ ፍየሎች ሌላ የሚገባ ከብት የለም?» ዝም አለ። ቆይቶ፣ ብዙ ከብት ያለው አንድ ሰው በሬዎቹን እንደሚያስገባ፣ ሰውየው ስለሚፈራ ማንም እንደማይናገረው ነገረኝ። አንገቱን ደፋ። ከአክስቱ ፍየሎች በፊት ሊያስጨንቀው የሚገባው እሱ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የጠባቂ ሥራ አብዛኛው ማንም የማያየው ነው። ዋልያ ሲቆጠር ጠባቂው ጎህ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ያየውን ይመዘግባል። ዐሥራ ሁለት አይቶ ሃያ ብሎ ቢጽፍ፣ ወይም ብርዱን ሸሽቶ ሳይሄድ «ዞሬያለሁ» ቢል፣ ማን ያውቅበታል? የአላህ ስም አር-ረቂብ ነው፤ ሁሌም የሚመለከተው። አላህ እያየኝ ነው ብሎ መኖርን ዑለማዎች ሙራቀባ ይሉታል። ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) የጌታውን በጎች የሚጠብቅ አንድ ባሪያ ሊፈትኑት በግ ሽጥልኝ እንዳሉት ይተረካል። የእኔ አይደሉም ቢላቸው፣ ለጌታህ ተኩላ በላው በለው አሉት። እረኛው አላህስ የት ሊሄድ ነው ብሎ ጠየቃቸው። ኢብን ዑመር አለቀሱ፤ ገዝተውም ነፃ አወጡት ይባላል።

ዛሬ ለዚያ ወጣት የምመልስለት እንዲህ ነው። ዝም አትበል፤ ተራራው የአክስትህ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ምንጭ የሚጠጣው ሕዝብና ገና ያልተወለደው ልጅም ሐቅ አላቸው። ግን ከአክስትህ አትጀምር። መጀመሪያ የሚፈራውን ሰው በሬዎች መልስ። ብቻህን ካልቻልክ ሽማግሌ ያዝ፣ ለኮሚቴው ተናገር። ከዚያ የአክስትህን ችግር በስውር ሳይሆን በግልጽ እዚያው ኮሚቴ ፊት አቅርብ። ሣሩ እየታጨደ ለችግረኛ የሚሰጥበት መንገድ ይፈለግ። ዑመር ለድሃው በሩን የከፈቱት በሕግ ነው፤ አንተ በጨለማ ብትከፍተው ነገ ለባለ ጉልበቱም መንገድ ይሆናል።

ለእኛ ለቀረነውም ድርሻ አለን። በመንዝ የጓሳ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየው ሕዝቡ ራሱ አለቃ መርጦ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲቸገር ተስማምቶ እየከፈተ ስለጠበቀው ነው። እዚያ ጠባቂው ብቻውን አልነበረም። እኛ ግን ጠባቂን ጠላት እናደርገዋለን። ከብታችን ሲያዝ እናኮርፋለን፣ ለሠርግ ሳንጠራው እንቀራለን፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ዱዓ አድርጉልን እንላለን። ለፓርክ ሲባል ቦታውን የለቀቀ ሰውም እኛ ላይ ሐቅ አለው፤ የእሱ መቸገር የሚረሳ ከሆነ ጥበቃው ከዙልም አይጸዳም።

በዚህ ሳምንት በየአካባቢያችን ያለውን ጠባቂ ሰላም እንበለው። ከብታችንን ቢመልስብን አናኩርፈው፤ ከእኛ በፊት የትልቁን ሰው መልሶ ከሆነ ደግሞ ዱዓ እናድርግለት።

አላህ ሆይ! አማናን ከሚወጡት አድርገን። ማንም በማያየን ቦታ አንተን የምንፈራ አድርገን። ለአገራችን ሰላምን፣ ለምድራችን ዝናብን ስጠን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።