ስለ ምላጭ ልስላሴና ስለ ኅሊና

ሽጉጥን ለብዙ ዘመን በወገቡ የታጠቀ ሰው መሣሪያውን ሲያመሰግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ምላጩ ለስላሳ መሆኑን ነው፤ ጣት ሳይጨነቅ፣ እጅ ሳይናወጥ፣ እንደ ታዘዘ የሚሄድ ምላጭ በባለቤቱ ዘንድ የጥሩ አሠራር ምስክር ሆኖ ይቈጠራልና። ብረት ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ ግን ይህን ምስጋና እንደ ሰማ ወዲያው አያምነውም። ልስላሴ በሁለት መንገድ እንደሚመጣ ያውቃል፤ አንደኛው፣ ሠሪው ተፋታጊዎቹን ገጾች አስተካክሎ ስላለዘባቸውና ብረቱም በቀና አገልግሎት እርስ በርሱ ስለ ተላመደ የሚገኝ ነው፤ ሁለተኛው ግን መዶሻውን ይዛ የምታቆየው ጥርስ ተበልታ ከማለቋ የተነሣ የሚመጣ ነው። ምላጩን ለሚስበው ጣት ሁለቱ አንድ ናቸው። እንግዲህ ስለ ሰውም ግብር እንዲሁ ብለን፣ አስቀድሞ ይከብደው የነበረ ሥራ ኋላ የቀለለው ሰው ቅለቱ የብቃት ነው ወይስ የማለቅ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ነገሩ ከብረት ቤት ወጥቶ ወደ ነፍስ ጉዳይ ይገባል። በጋምቤላ ምድር ይህ ጥያቄ ሊቃውንት በመጽሐፍ ሳያነሡት በሽማግሌዎች ሸንጎ ሲመረመር የኖረ ስለ ሆነ፣ እኛም በዚያው ምድር ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድሞ የብረቱን ነገር እንመልከት። መዶሻ ያለው ሽጉጥ በተወጠረ ጊዜ ሞላው መዶሻውን ወደ ፊት ሊወረውረው ያለ ዕረፍት ይገፋዋል፤ የሚከለክለው ነገር ቢኖር በመዶሻው ሥር ከተቀረጸው እርከን ጋር የተደጋገፈች አንዲት ትንሽ ጥርስ ብቻ ናት፤ የምላጭም ሥራ ይህችን ጥርስ ከእርከኗ ማንሸራተት እንጂ ሌላ አይደለም። ሁለቱ የሚደጋገፉበት ስፋት ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በብዙ አሮጌ ሽጉጦች ይህ ክፍል የተሠራው በቀላሉ እንዳይሰበር ውስጡ ለዘብ ካለ ብረት ሲሆን፣ ላዩን ብቻ ከከሰል ጋር በእሳት አግለው፣ ድንገት አቀዝቅዘው ያጠነክሩታል፤ ስለዚህ ጥንካሬው የቆዳው ነው እንጂ የሥጋው አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ ገጹ ሻካራ ሆኖ የመቍረጫው ፈለግ ሳይጠፋ የቀረ እንደ ሆነ ምላጩ ይይዛል፣ ይንገጫገጫል፤ ባለቤቱም ሲሰለች ሞረድ ለያዘ ሁሉ ይሰጠዋል። ያም ሰው ዕውቀት የጎደለው ከሆነ ሻካራውን አለሰልሳለሁ ሲል ጠንካራውን ቆዳ ጨርሶ ይፍቀዋል፣ የጥርሷንም ማዕዘን ያጠፋዋል። ምላጩ ለጥቂት ጊዜ እጅግ ደስ ያሰኛል። ከዚያ በኋላ ግን ለዘብተኛው ብረት ፈጥኖ ይበላና አንድ ቀን ሽጉጡ ከወገብ ወድቆ ድንጋይ ሲነካ፣ ማንም ሳያዝዘው ይተኵሳል።

የጋምቤላም አየር ለብረት ወዳጅ አይደለም። ከተማይቱ አኝዋኮች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆንዋ ሙቀቷ ብርቱ ነው፤ ክረምቱ ሲገባም ወበቁ ይጨመርበታል፤ በልብስ ሥር የተሸጎጠ ሽጉጥም የባለቤቱን የላብ ጨው ሲጠጣ ይውላል። የቀድሞ ዘመን ጥይት ደግሞ መለኰሻው ሲነድ የራሱን ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይተዋል፤ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ዝገትን ይወልዳል። አሜሪካኖች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤም 16 የተባለውን ጠመንጃ የጥይት መቀመጫውን በክሮም ሳይለብጡ ወደ ቬትናም እርጥበት በወሰዱት ጊዜ፣ ከባሩዱ መለወጥ ጋር ተደርቦ ቀለሁ እየተነከሰ ብዙ ወታደር በጭንቅ ሰዓት የማይተኵስ ብረት ታቅፎ ቀርቷል፤ ክሮሙን የለበጡት ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ነገር ውስጥ አንድ የሚደነቅ ምሥጢር አለ፦ በመሣሪያ ገጽ ላይ የምናየውና ጌጥ የሚመስለን ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ራሱ የዝገት ወገን ነው። ቀዩ ዝገት እየተቀረፈ ብረቱን ሲቦረቡረው፣ በብልሃት የወጣው ጥቁሩ ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ዘይትም ይይዛል፣ ቀዩንም በተቻለው ይከላከላል። ዝገት በዝገት ይጠበቃል ማለት ነው፤ ይህ ነገር ወደ ታች ያስፈልገናል።

ነፍጥ ወደዚህ ቈላ የገባበት ታሪክ ረዥም ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በኢታንግ አቅራቢያ፣ በባሮ ዳር፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ፈቀዱ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተተክሎ ወንዙ በሚሞላበት ወራት ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ እየመጣ የደጋውን ቡና ይጭን ጀመር። ከዚሁ ጋር ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት፣ የአገራችን ሰው ውጅግራ ያለው ጠመንጃ በዝሆን ጥርስ እየተለወጠ ከደጋው ወደ አኝዋክ ምድር ወረደ። ኃይሉም ምን ያህል እንደ ነበር የታየው በ1904 ዓ.ም. መጋቢት ወር የአዶንጋ አኝዋኮች በመኰንናቸው በአክዌይ ወ ቻም መሪነት የእንግሊዝና የግብፅ ሱዳንን ጦር ገጥመው ብርቱ ጉዳት ባደረሱበት ጊዜ ነው። ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በኋላ ከ1975 እስከ 1983 ዓ.ም. የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ሠራዊት በኢታንግ አካባቢ ሰፍሮ በነበረበት ዘመን የውጅግራን ቦታ ክላሽንኮቭ ወረሰው፤ በሹም ወገብ ላይም ማካሮቭ የተባለው ሽጉጥ ተሰቀለ።

ለጥያቄያችን ዋናው ግን ሰው ስለዚህ ብረት ያሰበው አሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የአኝዋኮች ጎረቤት ስለ ሆነው ስለ ኑዌር ሕዝብ ሃይማኖት መጽሐፍ ያወጣው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደ መዘገበው፣ ሰው የገደለ ኑዌር የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው የምድር ካህን፣ ወደ ኩዓር ሙኦን ይሄዳል፤ ካህኑም ክንዱን በጦር ጫፍ በጥቶ የሟቹን ደም ከገዳዩ ሰውነት እስኪያወጣለት ድረስ ገዳዩ እህልም ውኃም አይቀምስም። የሟቹ ደም ወደ ገዳዩ ሥጋ ገብቷል ብለው ያምናሉና። ከእርሱ በኋላ የመጣችው ሼረን ሀቺንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ነፍጥ በበዛ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ያነሡትን ክርክር ጻፈች፦ የጦር ኃይል ከወርዋሪው ክንድና አጥንት ይወጣል፤ የጠመንጃ ኃይል ግን በገዛ ውስጡ ነው፤ ሰውየው የሚያደርገው ማነጣጠርና መሳብ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ በጥይት የሞተው ሰው ደም ከገዳዩ ጋር ያለው ዝምድና እንደ ቀድሞው ነውን? በእኔ አስተያየት ስለ ሰው ሥራና ስለ መሣሪያ ሥራ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ በትልልቅ ጉባኤያትም ብዙ አልተነሣም። የነፍጥ ኃይል በውስጡ ነው ማለት ውስጡን የሚያየው ሰው የለም ማለትም ነውና።

በሱዳኑ ጦርነት ዘመን አንዳንድ የጦር አዛዦች ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ ሰጡ፦ በመንግሥት ጦርነት የተገደለ ሰው ደም ርኵሰት አያመጣም፣ ካህንም አያሻውም፤ ያ ሥርዓት በመንደር ጠብ ለሚፈሰው ደም ብቻ ነው አሉ። ሞረድ ማለት ይህ ነው። መግደል ሻካራ ነበር፤ ጾም ነበረበት፣ የክንድ ቍስል ነበረበት፣ ከብት መክፈል ነበረበት፤ አዛዦቹ ሻካራውን አለሰለሱት። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ኅሊና ስለሌለው፣ በጦር ሜዳ የተፋቀችው ጥርስ ወደ መንደር ሲመለስ ከየት ታበቅላለች?

አርስጣጣሊስ በዚህ ነገር ላይ ያስቸግረናል። ስለ ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ፣ ትሩፋት በልማድ እንደሚገኝና ሰው መልካሙን ሥራ ያለ ጭንቀት፣ በደስታ መሥራቱ ትሩፋቱ ለመጽናቱ ምልክት እንደ ሆነ ያስተምራል። ቅለት የብቃት ምልክት ከሆነ ግን ብዙ የገደለ ሰው በመግደል በቅቷል ልንል ነውን? ከዚህ የሚያወጣን የራሳችን አበው ትምህርት ይመስለኛል። ዐሥሩን መዓርጋተ ቅዱሳን ሲቈጥሩ፣ ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ የተሻገረው ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው አራተኛውን መዓርግ፣ አንብዕን ነው ይላሉ፤ አንብዕም ዕንባ ነው። ጾሙ ቀለለው፣ ስግደቱ ቀለለው፤ ዕንባው ግን በዛ። እንግዲህ የበቃና ያለቀ የሚለዩበት ምልክት ይህ ነው፦ በበቃው ሰው ዘንድ አንዱ ሲቀልል ሌላው ይሳላል፤ ባለቀው ሰው ዘንድ ሁሉም በአንድነት ይቀልላል።

ሕገ ኦሪትም እንዲሁ ናት። በኦሪት ዘኍልቍ በ31ኛው ምዕራፍ እስራኤል ከምድያም ጦርነት ሲመለሱ፣ ጦርነቱ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተደረገ ሳለ፣ ነፍስ የገደለ ሁሉ ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን እንዲቀመጥና እንዲነጻ ታዘዘ፤ ብረቱም፣ ናሱም፣ እሳትን የሚችል ሁሉ በእሳት እንዲያልፍ ተባለ። ሰውየውና ብረቱ በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ሥርዓት ተመረመሩ። ዳዊት የእግዚአብሔርን ጦርነት የተዋጋ ንጉሥ ሳለ፣ ብዙ ደም ስላፈሰሰ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ተከለከለ። ቅዱስ ባስልዮስም ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፣ አበው በጦርነት መግደልን ከነፍሰ ገዳይነት እንዳልቈጠሩት ከተናገረ በኋላ፣ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢከለከሉ መልካም ነው ሲል መከረ። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ከቅጣትማ ነጻ አውጥቷቸዋል። በብረት ገጽ ላይ ያለው ጥቁሩ ዝገት የሚሠራውን ሥራ እንዲሠራ የታሰበ ኀዘን ነው፤ በሥርዓት የገባ ትንሽ ኀዘን ተጣብቆ ተቀምጦ ያለ ሥርዓት የሚቦረቡረውን ይከላከላል።

የሚቃወመን ሰው ይኖራል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። በሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጂካዎና በላሬ በኩል በኑዌር መንደሮች ላይ ወርደው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናትም ወሰዱ፤ በዚያች ንጋት የልጆቹን በር የሚጠብቅ አባት ምላጭ ይክበደው ትላለህን? ይለናል። አልልም። እጁ ይፍጠን፣ ዓይኑም አይሳት። የእጅ ቅለትና የልብ ቅለት ግን አንድ ነገር አይደሉም፤ ጥሩ ሽጉጥ ምላጩ እየለሰለሰ ጥርሷ ሙሉ ሆና የምትቈይበት መሆኑ ይህን ያስረዳል። ክፋቱ፣ ሁለቱን የለየ ባለሙያ ጥቂት መሆኑና ሞረድ ግን በሁሉ እጅ መገኘቱ ነው።

ባለሙያው ጥርሷ መበላቷን ሊለይ ሲፈልግ ምላጩን አይስብም። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ መዶሻውን ይወጥርና ምላጩን ሳይነካ፣ መዶሻውን ከበስተኋላው በአውራ ጣቱ ይገፋዋል፤ ጤነኛው ጸንቶ ይቈያል፣ የተበላው ይወድቃል። የሰውም ፈተና እንዲሁ ትእዛዝ በሌለበት ነው፤ አዛዥ በሌለበት፣ ጠላትም ባልመጣበት፣ በግጦሽና በወንዝ ዳር መሬት ነገር ከጎረቤት ጋር በተከራከረ ቀን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሣሪያውን በፈቃድና በምዝገባ ሥር ያደርጋል፤ ይገባልም፤ ነገር ግን መዝገብ የሚይዘው በውጭ የተቀረጸውን ቍጥር ነው።

ሀቺንሰን የመዘገበችው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ተኵስ በበዛበት ውጊያ ማን ማንን እንደ መታ ስለማይታወቅ፣ በምሥራቅ ያሉት ኑዌሮች አጭር ሥርዓት አወጡ፦ ሰው በጥይት የገደለ በባዶ ቀለህ ውኃ ሞልቶ ይጠጣል፣ ከደሙም ይነጻል። ካህን የለበትም፣ የክንድ መበጣት የለበትም። ጥብቅ ሰው ይህን አይቶ ሥርዓቱ አልቋል፣ ጥርሷ ተበልታለች ሊል ይችላል፤ እውነትም ከቀድሞው ጋር ሲመዛዘን እጅግ የሳሳ ነገር ነው። እኔ ግን ደም የለበትም ከሚለው ከአዛዦቹ ቃል ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ያ ሰው ገና የሚጠጣው ነገር እንዳለበት ያውቃልና፣ የሚጠጣበትም ዕቃ ማን እንደ ተኰሰ የሚመሰክር ነውና።